የተያዘው መስመር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ። ወረቀቱ ላይ «ሞደም፣ ብዛት አሥራ አንድ፣ አገልግሎት የማይሰጥ» ይላል። ሞደሞቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው ነበር። የአንዳንዱን ገመድ አይጥ በልቶታል። አጠገቡ የቆመችው አዲስ ተቀጣሪ መሐንዲስ አንዱን አንስታ ገለባበጠችና ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። ስልክ ደውሎ ከሌላ ማሽን ጋር ያወራ ነበር አልኳት። ሳቀች። አልፈርድባትም፤ እሷ ዛሬ አዳማ ቢሮዋ ተቀምጣ ሻሸመኔ ያለውን የመንገድ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በእጅ ስልኳ ትቀይረዋለች። እኔ ያንኑ ለማድረግ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

ፈረምኩ። ከአሥራ አንዱ አንደኛው ግን ከወንጂ ማዶ፣ ከአንድ የሸንኮራ ሠራተኞች ሰፈር የተነሳ ነው። ቁጥሩን አይቼ አወቅሁት። ቤቴ ገብቼ ምሳ ቀርቦልኝ መብላት አቃተኝ። ባለቤቴ ጡረታው ነው ብላ አጽናናችኝ። ጡረታው አልነበረም፤ ይህን የምጽፈውም በዚያ ሞደም ምክንያት ነው።

መሥሪያ ቤታችን ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድና አዋሽ በሚያሰጋቸው ሰፈሮች የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያቆም ነበር። ሰዉ «ቦርድ» ነው የሚለው። ጥቁር ሣጥን ነው፣ ፊቱ ላይ ቀያይ ጥቃቅን መብራቶች አሉት። «ጭጋግ አለ፣ ቀስ በሉ»፣ «መንገዱ ተቆርጧል»፣ «ከብት ይሻገራል» እያለ ያበራል። በእያንዳንዱ ቦርድ ሥር የስልክ መስመር የገባለት ሞደም አለ። እኔ አዳማ ካለው ኮምፒውተር እደውላለሁ፣ የወዲያኛው ሞደም ያነሳል፣ ሁለቱ ይንጫጫሉ፣ ከተግባቡ መልእክቱ ያልፋል። ካልተግባቡ መኪና አስነስቶ መሄድ ነው። ደመወዙ የሚያኮራ አልነበረም፤ የውሎ አበሉ ግን የልጆቼን ጫማ ገዝቷል።

ትልቁ ጣጣ ፊደል ነበር። ቦርዶቹ የተሠሩት የእኛን ፊደል በማያውቅ አገር ነው። የኦሮምኛው መልእክት በላቲን ስለሚጻፍ ሰተት ብሎ ይሄዳል። አማርኛውን ግን እያንዳንዱን ፊደል በካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ ሠርተን እንደ ሥዕል ነበር የምንልከው። «ጭ» ብቻዋን ግማሽ ቀን ፈጅታብኛለች። ሥዕል ለመስመሩ ይከብደዋል፣ በዝናብ ጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ ዝዋይ መውጫ ላይ «ቀስ በሉ» የሚለው «ቀስ በ» ሆኖ ሳምንት ከረመና የሲኖ ትራክ ሹፌሮች መሳቂያ አደረጉን።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ገመቹ ናቸው። የአርሲ ሰው ናቸው፣ ምሰሶ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ያረጁ የስልክ መስመር ሠራተኛ። ኮምፒውተሩን አይወዱትም፣ ሞደሙን ግን እንደ ሰው ያዳምጡታል። ሁለቱ ሞደሞች መንጫጫት ሲጀምሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ድምፁ ውስጥ ዘይት የሚቆላ የመሰለ ነገር ከሰሙ «መቂ ጋ ውሃ የገባው ማያያዣ አለ» ይላሉ። መቂ እንሄዳለን፣ ሣጥኑን እንከፍታለን፣ ውሃ ገብቶታል። የሞደሙን ፍጥነት ሁልጊዜ ዝቅ አድርገው ያስሩታል፤ በዚህ መስመር ላይ የሚቸኩል ነገር አይደርስም ባይ ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞደሙ የታዘዘውን እንደማይረሳ ለማረጋገጥ፣ ትእዛዙን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ራሳቸው ሶኬቱን ይነቅሉና እስከ መቶ ይቆጥራሉ። ከዚያ ሰክተው ይደውሉለታል። እኔ ሃምሳ ላይ ስሰካ አይተው እንደገና ከአንድ አስቆጥረውኛል።

ከሁሉ የማይለቁት ልማድ ማስነበብ ነበር። ኮምፒውተሩ «ደርሷል» ቢል አያምኑትም። ቡልቡላ ከቦርዱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴት ነበረች። ይደውሉላትና የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሰላምታ በኦሮምኛ አዳርሰው ሲያበቁ «ዱቢሲ ሜ» ይሏታል፤ እስቲ አንብቢልኝ ማለታቸው ነው። ወጥታ አይታ ትመለስና ታነብላቸዋለች። ላንጋኖ መገንጠያ ላይ አንድ የሆቴል ዘበኛ ነበራቸው። ማሽን ለማሽን የነገረውን ትተህ ሰው ያየውን ጠይቅ ይሉኝ ነበር።

ሌላው ሕጋቸው የቦርዱ መስመር ላይ ሌላ ስልክ እንዳይቀጠል ነው። ያን ጊዜ ስልክ ብርቅ ነው፣ ያንን መስመር ባለሱቁም ሹሙም ይመኘዋል። ጋሽ ገመቹ ተቀጥሎ ባገኙ ቁጥር አንድ ቃል ሳይናገሩ በጉጠት ይቆርጡታል። የአንድ ሹም ስልክ ቆርጠው ከደረጃ ዕድገት ቀርተዋል። አለቃችን ይቅርታ ጠይቅ ቢላቸው መልሳቸው «በዚያ መስመር ሰው ሲያወራ ቦርዱ ደንቆሮ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

የሸንኮራ ሠራተኞቹ ሰፈር ቦርድ የቆመው እኔ ብቻዬን መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ሰፈሩ ከአዋሽ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ የቆርቆሮ ቤቶች በረድፍ በረድፍ። ነዋሪው አብዛኛው ከከምባታና ከሀዲያ የመጣ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። ወንዙ ሲሞላ ቦርዱ «ውሃ መጣ፣ ወደ ሐዲዱ ውጡ» ሊል ነው የተተከለው፤ የድሮው የባቡር ሐዲድ ከፍታ ላይ ያልፋል። ቦርዱ ሥር የጥበቃ ቤት ተሠራ፣ ኤርሲዶ የሚባል ሰው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ጽሑፉ ሲበራ የተንጠለጠለውን የሐዲድ ብረት እየደበደበ ማንበብ ለማይችለው ማሰማት የእሱ ሥራ ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አንድ ነገር ሲጠየቅ መጀመሪያ መሬት የሚያይ ሰው ነበር።

እዚያ ሰፈር ለሚያነብልኝ ሰው መደወል አልችልም፣ ሌላ ስልክ የለም። እንግዲህ አንዱን የጋሽ ገመቹን ሕግ ለመጠበቅ ሌላውን ሰበርኩ። ከአዳማ አንድ አሮጌ ስልክ ይዤ ሄድኩና ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በአራት ብሎን አሰርኩት፣ የቦርዱ መስመር ላይ ቀጠልኩት። ሞደሙ በመጀመሪያው ጥሪ እንዲያነሳ ነበር የታዘዘው። ወደ ስድስተኛ ጥሪ ገፋሁት፣ ኤርሲዶ ቀድሞ እንዲያነሳ። ጩኸት ከሰማ እኔ ነኝና ይዘጋዋል፣ ደግሜ ስደውል ለሞደሙ ይተውለታል፣ ከዚያ ደውዬ አስነብበዋለሁ። በዚህ ብልሃቴ ኮርቼ ነበር። ለጋሽ ገመቹ ግን አልነገርኳቸውም።

ሁለት ወር ሳይሞላ የስልኩ ቁጥር እስከ ከምባታ፣ እስከ ዱራሜ ደረሰ። እሑድ ስሄድ ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰዎች ተቀምጠው የዘመድ ስልክ ይጠብቃሉ። አንዷ የወለደችውን ለእናቷ ታበስራለች፣ አንዱ የበሬ ዋጋ ይጠይቃል። ኤርሲዶ ይከለከል እንደሆነ በዓይኑ ጠየቀኝ። እኔ ያላየሁ መሰልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዙ ዓመት ከማሽን ጋር ስጮህ ኖሬ የዘረጋሁት መስመር ለሰው ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በአንድ ክረምት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዋሽ ከላይ በኩል ከልክ በላይ መሙላቱን የሚናገር መልእክት ቢሯችን ደረሰ። ለሁለት ሌሎች ሰፈሮች ላክሁ፣ አስነበብኩ። ወደ ሸንኮራ ሠራተኞቹ ሰፈር ደወልኩ። ተይዟል። ደገምኩ። ተይዟል። አለቃዬ ራሱን በበሩ አስገብቶ ልከህ ጨረስክ ወይ አለኝ። እየላክሁ ነው አልኩት። መስመሩ ለምን እንደተያዘ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስልክ ቀጥዬበታለሁና ሰው እያወራ ነው ብዬ ብነግረው ኖሮ በዚያችው ደቂቃ መኪና ይነሳ ነበር። አሁን ይዘጉታል፣ አሁን ይዘጉታል እያልኩ ሃያ አምስት ደቂቃ ደወልኩ። ከዚያ ለአለቃዬ መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ የመኪና ቁልፍ ይዤ ወጣሁ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ መስመሩ ላይ የነበረው ሎዳሞ የሚባል ሸንኮራ ቆራጭ ነው። የደወሉለት ዘመዶቹ ናቸው። እናቱ ሞታለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ደዋዩ የእናቱን ነገር አያነሳም። ስለ ሸንኮራው ጠየቀው፣ ስለ አራስ ሚስቱ ጠየቀው፣ ስለተወለደችው ልጅ ስም ጠየቀው። ከዚያ የሰፈሩን ሽማግሌ አቶ ሄራሞን ጥሩልኝ፣ እስኪመጡ አልዘጋም አለ። ኤርሲዶ ነገሩ ገብቶታል። ሎዳሞን ስልኩ ጋ አቆይቶ ሽማግሌውን ሊጠራ ወደ ላይኛው ረድፍ ሄደ። አቶ ሄራሞ እግራቸውን ያማቸዋል፣ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ነው የሚመጡት። ሎዳሞ ምንም ሳያውቅ ከደዋዩ ጋር እየሳቀ ይጠብቃቸዋል።

የሰፈሩ መንገድ ጭቃ ነበር። ከሩቅ ጀምሬ ክላክስ እያደረግሁ ስገባ ሰዉ ከየቤቱ ወጣ፣ በመስኮት ሐዲዱን እያሳየሁ ጮህኩ። ብዙዎቹ ልጅ አንጠልጥለው ወደ ላይ ሮጡ። ውሃው ግን በታችኛው ረድፍ በኩል ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። የሎዳሞ ቤት የመጨረሻው ነው። ሚስቱ አየለች አራስ ናት፣ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። ጎረቤቷ ሕፃኗን ተቀብላት ወጣች። አየለች ከኋላዋ ልትከተል ሞከረች፣ አልቻለችም። ውሃው ሲጎድል ከሸንኮራው መሐል አገኘናት። ሎዳሞ አጠገቧ ተቀምጦ ከጫማዋ ላይ ጭቃ ሲጠርግ ነበር። ያን ማየት ያልነበረብኝ ሰው እኔ ነኝ፣ ግን አየሁት።

ከዚያ ያደረግሁትን ልናገር። ጥበቃ ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃ አልነካውም። ሁሉም ሐዲዱ ላይ ሲያለቅስ እኔ ገባሁ። አራቱን ብሎን ፈታሁ፣ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከመኪናው ያወጣሁትን ላፕቶፕ ሰክቼ ሞደሙን ወደ መጀመሪያው ጥሪ መለስኩት። ሶኬቱን ነቅዬ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ሥራዬን እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

አጣሪዎች መጡ። እኔ በባለሙያነቴ የስልክ መስመር ብልሽት ነው ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ኤርሲዶ በሰዓቱ ከጥበቃ ቦታው እንዳልነበረ ሰዎች መሰከሩ፣ ለምን እንደሄደ ሲጠየቅ መሬት መሬት አየ። ከሥራ ተሰናበተ። ጋሽ ገመቹም ከአጣሪዎቹ ጋር መጥተው ነበር። ግድግዳው ላይ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባን።

«ታደሰ፣ መስመሩ ላይ ማን ነበር?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። አዳማ እስክንደርስ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ አብረን ሠርተናል፣ ሰላምታም አላጓደሉብኝም። አብረን ምሳ መብላት ግን ተዉ። ሲሞቱ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ልጃቸው አባቴ ይወድህ ነበር አለኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት።

እኔ ግን ዕድገት አገኘሁ። መኪና ይዤ ሰፈሩ ድረስ በመሄዴ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ደብዳቤውን ባለቤቴ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች። እስካሁን እዚያው ነው፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ቡልቡላ ሄድኩ። ኤርሲዶ እዚያ ገብቶ አስፋልት ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት እንደሚሸጥ ሰምቼ ነበር። ከአዳማ በሚኒባስ ሞጆ ወርጄ፣ ከሞጆ ሌላ ይዤ፣ መንገዱን ሙሉ የምለውን ነገር ሳሰላስል ደረስኩ። ሸብቷል፣ ያው ረጅም ነው። ወዲያው አወቀኝ። የሚቀመጥበትን ሣጥን ገልብጦ አስቀመጠኝና እሱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የሰላምታው ወግ እስኪያልቅ ትዕግሥት አጣሁ። ስልኩን መፍታቴን፣ የሐሰት ሪፖርት መጻፌን፣ እሱ በእኔ ጥፋት ከሥራ መባረሩን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

እንደ ልማዱ መሬት አየ።

«ሲፈቱት አይቼዎታለሁ» አለኝ። «በሩ ጋ ቆሜ ነበር።»

አጣሪዎቹ ለብቻው ጠርተው እዚህ ቤት ስልክ ነበር ወይ ብለው እንደጠየቁትም ነገረኝ። የለም ብሏቸዋል። ለምን ዋሸህልኝ ብዬ ስጠይቀው ገርሞት አየኝ። «ስልኩን ለእኛ ብለው አይደል ያስገቡት? ሌላ ምን ልበል? ሁላችንም ተጠቅመንበታል» አለኝ። እኔ ለብቻዬ የደበቅሁ የመሰለኝን ነገር ይህ ሰው እንጀራውን ከፍሎ ሲሸፍንልኝ ኖሯል። አለቀስኩ። አስፋልት ዳር፣ ሰው እያየኝ፣ ቲማቲም ፊት አለቀስኩ።

ትንሽ ሲለቀኝ፣ ሎዳሞም ቡልቡላ እንደሚኖር፣ ከኤርሲዶ ቤት አጠገብ ጎጆ እንዳለው፣ በመስኖ እርሻ ላይ እንደሚሠራ አወቅሁ። ያቺ ሕፃን አድጋ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ተነሳሁ። አሁኑኑ ወስደህ አገናኘኝ፣ ለእሱም ልናገር፣ የፈለገውን ያድርገኝ አልኩት። ኤርሲዶ ክንዴን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ። እንደዚያ ጠንክሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ምን ብለው ነው የሚነግሩት? ሎዳሞ ቦርዱና ስልኩ አንድ መስመር መሆናቸውን አያውቅም። እናቱንም ሚስቱንም ያለቅሳል፣ ግን ለየብቻቸው ነው የሚያለቅሳቸው። መስመሩን ይዘህ የነበርከው አንተ ነህ ሊሉት ነው? ለእርስዎ ይቀልልዎታል ጋሼ። ለእሱስ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት ለራሴ ፈርቼ ነው። አሁን ደግሞ ለእሱ ብዬ ዝም ልበል ነው። ከላይ የሁሉንም ስም የቀየርኩት፣ የራሴንም ጭምር፣ ሰፈሩንም በደንብ ያልነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ዝምታው ያው ዝምታ ነው፣ የትኛው የፍርሃት የትኛው የምሕረት እንደሆነ እኔም መለየት አልቻልኩም።

ልሄድ ተነስቼ ሳለ አንድ ሰውዬ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ ከእርሻው በኩል መጣ። ኤርሲዶን ሰላም ሊል ጎንበስ እንዳለ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ዶማውን አስፋልቱ ዳር አስቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለት እጄን በሁለት እጁ ያዘ። እጁ ሻካራ ነበር፣ አልለቀቀኝም። ለልጁ ሁልጊዜ እንደሚነግራት፣ ያን ዕለት ክላክስ እያደረጉ የመጡት ሰውዬ ባይኖሩ ሰፈሩ በሙሉ ያልቅ እንደነበር፣ አንድ ቀን አግኝቼ ሳላመሰግናቸው እሞታለሁ ብሎ ይሰጋ እንደነበር ነገረኝ።

ኤርሲዶ ቲማቲሙን ማስተካከል ጀመረ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ ሎዳሞ።

«አሜን» አልኩት።